በመዳፍ ላይ የተሳለ ዛፍ

ሎሬዳና ሴትዮዋን ከከተማው በር ሥር ስትቀበላቸው ሆዷ የሆነ ነገር ነገራት፤ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልገባትም። ስልሳዎቹን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ግራጫ የሐር ሸሚዝ የለበሱ፣ በከዘራ የሚራመዱ ሴት ናቸው። ከሌሎች ጎብኚዎች ጋር መደባለቅ አልፈለጉም። ከተማውንም ካቴድራሉንም ለብቻዬ ታሳየኝ ብለው፣ ሲኞራ ቢያንኪ በሚል ስም ነበር በስልክ የቀጠሯት። ከሰሜን ነው የመጣሁት ይበሉ እንጂ አነጋገራቸው የእኛው የደቡቡ፣ የሳሌንቶ ነው። ሰው ስሙን ይቀይራል፤ ምላሱን የት ይጥለዋል?

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሎሬዳና ይህን ሳታጣራ አታልፍም ነበር። በከተማችን በኦትራንቶ እንደ እሷ ዓይነ ፈጣን አስጎብኚ የለም፤ እንግዳውን ገና ከጫማው አይታ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያስቀው፣ የትኛው ዳገት ላይ እንደሚደክመው ታውቃለች። ከፋሲካ ወዲህ ግን የሚሠራው አፏ ብቻ ነው። ልቧ ሌላ ቦታ ነበር።

የልቧን ነገር ለማያውቅ ላውጋው።

ሩጄሮ የቬርናሌዎች አንድያ ልጅ ነው። የቬርናሌዎች የወይራ እርሻ ከኮረብታው ተነሥቶ ባሕሩ ድረስ ይወርዳል። የዛሬ ጥቂት ዓመት አባትየው ወደ ትንሿ ወሽመጥ የሚያወርደውን የእግር መንገድ በሽቦ አጥር ዘጉት። አሳ አጥማጆቻችን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ጀልባቸውን የሚያሳርፉባት ወሽመጥ ናት። ሌላው አጉረምርሞ ዝም ሲል የሎሬዳና አባት ኢፓዚዮ በጠራራ ፀሐይ የሽቦ መቁረጫ ይዘው ሄዱና አጥሩን ቆራርጠው ጣሉት። ተከሰሱ፤ አንድ ክረምት ታሰሩ። ሲፈቱ ጀልባቸው የሚጠግናት አጥታ፣ ውሃ ሞልቷት አገኟት። የሩጄሮ አባት ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፤ አጥሩ ግን ተመልሶ ታጠረ፤ እናትየውም ከግቢያቸው ስለማይወጡ ፊታቸውን ያየ ሰው ጥቂት ነው።

ሩጄሮ ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ወደብ ወርዶ ኢፓዚዮን ይቅርታ መጠየቅ ነበር። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጡት። ልጃቸው ግን እስከ መንገዱ ጫፍ ተከተለችውና፣ ከእናንተ ቤት እዚህ ድረስ በእግሩ የመጣ የመጀመሪያው ሰው አንተ ነህ አለችው። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ሁለት ዓመት ያህል ሰው እንዳያያቸው እየተሳቀቁ፣ በገበያ መሐል ሲተላለፉ በዓይን ብቻ እየተሳሳሙ ተዋደዱ። ከዚያ ሩጄሮ በእናቴ ሀብት ሳይሆን በራሴ ላብ ቆሜ ነው የማገባሽ አለና በሰሜን በኩል አንድ የመርከብ መሥሪያ ገባ። በፋሲካ መጥቶ አባቷን ሊጠይቅ ቃል ሰጣት።

ሎሬዳና ቃሉን አምና ለአባቷ ነገረች። ኢፓዚዮ ያን ቀን ትንፍሽ ሳይሉ ዋሉ። የፋሲካ ዕለት ግን ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለቀብርና ለሠርግ ብቻ የሚወጣውን ኮት ለብሰው ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀመጡ። የበጉ ጥብስ ቀዘቀዘ። ማንም አልመጣም። አመሻሹ ላይ በሎሬዳና ስልክ አንድ መልእክት ገባ፤ አትጠብቂኝ፣ ምክንያቱንም አትጠይቂኝ ይላል። ደወለች፤ አያነሣም። ጻፈች፤ አይመልስም። በመጨረሻ ቁጥሩን ከስልኳ አጠፋችው። ከልብ ማጥፋት ግን እንዲህ በአንድ ጣት የሚሆን ነገር አልነበረም።

እንግዲህ በዚያ በሰኔ ጠዋት፣ የሰሜኑ ነፋስ አየሩን አጥቦ በሄደበት ቀን፣ ሎሬዳና እንግዳዋን ይዛ በከተማው ግንብ ላይ ትሄድ ነበር። ሴትዮዋ ለድንጋዩና ለዘመኑ ብዙም ደንታ አልነበራቸውም። ዓይኔ ደከም ብሏል፣ እስቲ የሚታይሽን ንገሪኝ ይላሉ። ሎሬዳናም ትነግራለች። ማዶ ብቅ ያሉት የአልባኒያ ተራሮች በታጠበ አንሶላ ላይ የቀረ የቀለም እድፍ እንደሚመስሉ፣ ባሕሩ ከታች ከድንጋዩ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲርቅ እንደ ወይን ጠጅ ጠርሙስ እንደሚጠቁር፣ ከወደቡ የሚወጣው ጀልባ ከኋላው የሚተወው መስመር ሰው ሊጽፍ ጀምሮ የተወው ፊርማ እንደሚመስል። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ።

ጥያቄያቸውም እንግዳ ነበር። አባቷ ምን እንደሚሠሩ፣ እናቷ በሕይወት እንዳለች፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባች ጠየቋት። አባቴ አሳ አጥማጅ ነው፣ እናቴ በልጅነቴ ሞታለች አለችና የመጨረሻውን ጥያቄ ዘለለችው። እሳቸውም ደግመው አልጠየቁም። ዝም ብለው እጇን አዩት፤ ቀለበት ይፈልጉ እንደሁ፣ ወይስ የመረብ ገመድ የተወውን ጠባሳ፣ ሎሬዳና አላወቀችም። ብቻ ያ አስተያየት ከበዳት፤ እጇን ወደ ኪሷ ከተተችው።

ካቴድራሉ ሲገቡ ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ወለሉ ከበሩ እስከ መቅደሱ አንድ ወጥ ሞዛይክ ነው፤ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ፓንታሌዮኔ የተባለ መነኩሴ በትናንሽ ድንጋይ ያስነጠፈው። መሐሉ በገመድ ስለተከለለ ሰው በዳርና ዳር ነው የሚሄደው። ሎሬዳና እዚያ ቦታ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ የተኛ ሰው ያለ ይመስል። ግዙፉ ዛፍ በሁለት ዝሆኖች ጀርባ ላይ እንደቆመ አሳየቻቸው፤ ዝሆን በወሬ ብቻ የሰማ ሰው ነው የሠራቸው እላለሁ እኔ አለች። አዳምና ሔዋን ከገነት ሲወጡ፣ የኖኅ መርከብ ሲሠራ፣ ዓሥራ ሁለቱ ወሮች እያንዳንዳቸው በየክባቸው ገብተው፣ ጥር እሳት ሲሞቅ አሳየቻቸው።

ሴትዮዋ ወለሉን አያዩም ነበር። የሚያዩት የሎሬዳናን ፊት ነው። እሷ የወሮቹን ነገር ስትጨርስ እጃቸውን አነሡና የግራ ጆሯቸውን ጫፍ ሳብ ሳብ አደረጉ።

 ሎሬዳና ያን ነገር ታውቀዋለች። አንድ ነገር ደብቆ መናገር ሲያቅተው እንደዚያ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። ቀና ብላ አየቻቸው፤ ማር የመሰሉት ዓይኖች፣ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ያለው የግራ ቅንድብ። ከጠዋት ጀምሮ ሆዷ ሲነግራት የነበረው ይህ ነው።

ጉብኝቱን አላቋረጠችም። ወደ መቅደሱ አቅራቢያ ይዛቸው ሄደች።

«ይህች ንግሥተ አዜብ ናት፤ ያ ደግሞ ሰሎሞን» አለች። «ጥበቡን ልትፈትን ከሩቅ አገር መጣች። ግን ስሟን ደብቃ አልመጣችም፣ ሲኞራ ቬርናሌ።»

ሲኞራ ክሎቲልዴ ቬርናሌ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና አጠገባቸው ያለው አግዳሚ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። መቼ እንዳወቀቻቸው ጠየቋት። ጆሮዎን ሲነኩ አለቻቸው። ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

«ሊመዝኑኝ ከሆነ የመጡት ነገሩ አልፏል» አለች ሎሬዳና። «ልጅዎ ራሱ ትቶኛል። አባቴን ኮት አስለብሶ አስቀምጦ ቀርቷል። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረኝ?»

«ልመዝንሽ አይደለም» አሉ ሴትዮዋ። «ልሰማሽ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሯት። በሰሞነ ሕማማት ሩጄሮ ሥራ ላይ እያለ የቀለም ማጽጃ የተሞላ ቱቦ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ግራው ብርሃንና ጥላ ይለያል እንጂ ሌላ አያይም፤ ሐኪሞቹም ከዚህ በላይ ተስፋ አልሰጡም። መልእክቱን ሆስፒታል ተኝቶ በነርስ ነው ያስጻፈው። እንዳይነግሯት እናቱን በመስቀል አስምሎ፣ አሁን እቤት መጋረጃ ዘግቶ ተቀምጧል።

«እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ እፎይ ብዬ ነበር» አሉ ሲኞራ ክሎቲልዴ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ። «ቢያንስ ከዚያች ልጅ ተላቀቀ አልኩ። ጠዋት ጠዋት በመስኮቱ ምን ይታያል እያለ ይጠይቀኛል። ወይራ ነው እለዋለሁ። ባሕር ነው እለዋለሁ። ሌላ ምን ብዬ ልንገረው፣ አላውቅበት። አንድ ቀን፣ እማዬ፣ አንቺ ስትነግሪኝ ይበልጥ ይጨልምብኛል አለኝ። ነግሮ የሚያሳይ አንድ ሰው ነበረኝ፣ እሷንም በእጄ አባረርኳት አለኝ። እውነቱን ይሆን ብዬ መጣሁ።» ቀና ብለው አዩዋት። «እውነቱን ነው።»

ሎሬዳና ዘወር ብላ ከአንድ ዓምድ ኋላ ሄደችና ግንባሯን ከቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አሳረፈች። ስንት ሌሊት ረግማዋለች። ስንት ጊዜ ሌላ ሴት ክንድ ላይ ተደግፎ ሲስቅ በዓይነ ኅሊናዋ አይታው አቃጥሏታል። እሱ ግን ያን ሁሉ ጊዜ መጋረጃ በተዘጋበት ክፍል ውስጥ ነበር። ሐዘኗና ንዴቷ ተደባልቀው የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃታት፤ የሚያስለቅሳት ግን አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ባይከዳትም ሳያምናት መቅረቱ።

ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ በእንባ ታጥቦ ነበር። ልጄ፣ ቤታችን ትመጫለሽ ወይ ሲሏት፣ አልመጣም አለች።

«አባቴን ባሳሰረው አጥር ውስጥ አልገባም። እሱ ይምጣ። ነገ በምሳ ሰዓት፣ ሰዉ ሲወጣ፣ እዚሁ። እኔ ጠራሁህ ብላለች ይበሉት፤ አያታልሉት።»

ሲኞራ ክሎቲልዴ ተነሡ። ሲሄዱ ግን ከዘራቸውን ለአፍታ አግዳሚው ላይ አሳርፈው የልጅቱን ጉንጭ በመዳፋቸው ነኩት። ሎሬዳና ራሷን አላሸሸችም፤ ለምን እንዳላሸሸች ለራሷም ገረማት።

ከሰዓት በኋላ ወደብ ወረደች። ኢፓዚዮ በግንቡ ጥላ ሥር መረባቸውን ዘርግተው ይጠግናሉ። ምንም ሳትቀንስ ነገረቻቸው። መርፌው መረቡ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ቆየና በመሐል ቆመ።

«ጭራሽ አያይም?»

«ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፣ አባዬ።»

ሽማግሌው ባሕር ባሕሩን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ድምፃቸው ተለውጦ፣ የፋሲካ ዕለት አንቺ ክፍልሽ ገብተሽ ስታለቅሺ እኔ እዚች ጀልባ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር አሉ።

«ሁለተኛ ዓይኑን አያሳየኝ ብዬ ነበር» አሉ። «እንዲህ ነው ያልኩት፣ ሎሬዳና። ዓይኑን።»

 አጠገባቸው ተቀመጠችና መርፌውን ከጣታቸው ወሰደች።

«የተናደደ አሳ አጥማጅ የተናገረውን ሁሉ እግዜር የሚሰማ ቢሆን» አለች፣ «ይህ ባሕር ውስጥ አንድ አሳ በሕይወት አይገኝም ነበር። ደግሞም አንተ ስትረግመው እሱ ቀድሞ ተጎድቶ ነበር።»

ኢፓዚዮ አልሳቁም። ነገ እንደምታገኘው ነገረቻቸው፤ እሺም እምቢም አላሉ። የሥራ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ብቻቸውን በባሕሩ ዳር ሄዱ። ሎሬዳና ከኋላ ሆና ስታያቸው በአንድ ቀን ያረጁ መሰላት፤ የአባቷም የሩጄሮም ሐዘን በአንድ ላይ አንጀቷን በላት።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት የመጨረሻዎቹ ጎብኚዎች ሲወጡ የካቴድራሉ ጠባቂ ዋናውን በር ዘግቶ የጎኑን በር ገርበብ አድርጎ ተወላት። አንድ ቃል አልጠየቃትም፤ እዚህ ከተማ ሰው ብዙ ነገር የሚያውቀው ባለመጠየቁ ነው።

ሩጄሮ በእናቱ ክንድ ተደግፎ ገባ። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ ከስቷል። እናቱ ከበሩ አጠገብ አቆሙትና ወደ ውጭ ተመለሱ። ብቻውን ሲቀር የቆመበትን ቦታ በእግሩ ጫፍ ዳሰሰ፤ ያን ሲያደርግ ማየት ለሎሬዳና ከማንኛውም ቃል በላይ ከበዳት። ሮጣ ልታቅፈው ፈልጋ ራሷን ያዘች።

«አለሽ?» አለ።

«አለሁ።»

ልሰናበትሽ ነው የመጣሁት አለ። በሰው አፍ ሳይሆን በራሴ አፍ፤ ይህን ያህል ዕዳ አለብኝ። ገና ወጣት እንደሆነች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ጭቃና ደረጃ እያሳየችው እንድትኖር እንደማይፈልግ፣ ዛሬ ብታዝንለት ነገ እንደምትሰለቸው ተናገረ። ሲለማመደው እንደከረመ ያስታውቅ ነበር። ሎሬዳና እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«ጨረስክ?» አለችው። «አሁን እኔ ልናገር። ዓይንህ በመጥፋቱ አላዘንኩብህም፣ አዘንኩልህ እንጂ። ያዘንኩብህ ሳትጠይቀኝ ስለፈረድክብኝ ነው። አባትህ መንገዱን ሲያጥር ማንንም አልጠየቀም። አንተም እንደሱ አጠርክብኝ።»

ሩጄሮ በጥፊ የተመታ መሰለ። መነጽሩን አወለቀ። በቀኝ ዓይኑ ዙሪያ ያለው ጠባሳ ገና ቀይ ነበር። እዪኝ አለ፤ እዪኝና ከዚያ ተናገሪ።

ቀረበች። አየችው፤ ሳትቸኩል፣ ዓይኗን ሳትሰብር። ከዚያ ጠባሳውን ሳመችው። የሩጄሮ ግንባር ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ፈራሁ አለ። ከጨለማው ይልቅ በጨለማው ውስጥ ድምፅሽ እየቀዘቀዘ ሲሄድ መስማቱን ፈራሁ። ሎሬዳና እስኪረጋጋ ፀጉሩን ደባበሰችው።

ቆይቶ፣ ስታስጎበኚ አንድ ቀን እንኳ ሰምቼሽ አላውቅም አለ። እውነት ነው፤ ሰው እንዳይጠረጥር ሲሉ እሷ ባለችበት ካቴድራል ደጃፍ ደርሶ አያውቅም ነበር።

«እጅህን አምጣ» አለችው።

መዳፉን ዘረጋች። በጣቷ ጫፍ ሁለት ዝሆኖች ሳለችለት፤ ኩምቢያቸውን በአውራ ጣቱ ሥር አሳለፈችው። ከጀርባቸው ላይ ግንዱን አስነሥታ እስከ መሐል ጣቱ ወሰደችው፣ ቅርንጫፎቹን በየጣቶቹ በተነቻቸው። እዚህ ጋ ኖኅ እንጨት ያስጠርባል አለችው፣ እዚህ ጋ ሰዎች ሰማይ የሚደርስ ግንብ ይሠራሉ፣ የሚወድቅ መሆኑን ገና አልሰሙም። የወሮቹን ክቦች አንድ በአንድ አሳየችው፤ አራሹን፣ አጫጁን፣ እሳት የሚሞቀውን። ቀለሙስ ሲላት፣ ቀዩ ድንጋይ የበሰለ ቲማቲም ሳይሆን ትናንት የደረቀ ወይን ጠጅ ነው አለችው፤ ነጩም ነጭ አይደለም፣ ብዙ እግር የረገጠው ዳቦ ቀለም ነው። ሩጄሮ ሳቀ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቁ ይህ ነበር፤ ከጎኑ በር ውጭ የቆሙት እናቱ ሰምተው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ከሥር ወዳለው ክፍል አወረደችው። እዚያ ዓምዶቹ እንደ ጫካ ናቸው፤ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። በዓምዶቹ መሐል ሲሄድ እየዳሰሰ ይህ ልስልስ ነው፣ ይህ ሻካራ ነው ይላል፤ እሷ ከየትኛው አገር ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል ትገምታለች፤ ይከራከራሉ። እዚያ ውስጥ፣ ግንባሩን ግንባሯ ላይ አድርጎ፣ ነገ አባትሽ ዘንድ እሄዳለሁ አላት። ይባርኩኝም አይባርኩኝም፣ በፋሲካ ወንበር ላይ በከንቱ ስላስጠበቅኳቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሎሬዳና የአባቷን ልብ ስለማታውቀው እጁን ብቻ ጨበጠችው። ደስታዋ ሙሉ ነበር ማለት አይቻልም፤ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስታ ነበር።

ሲወጡ ፀሐዩ ነጭ ሆኖ አደባባዩ ላይ ተንሰራፍቷል። ወደ ወደቡ የሚወርደው የድንጋይ ደረጃ አናት ላይ፣ በሥራ ልብሳቸው፣ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ኢፓዚዮ ቆመዋል። ከሲኞራ ክሎቲልዴ ጥቂት ራቅ ብለው። ሁለቱ አዛውንቶች ምን እንደተባባሉ፣ ምንም ተባብለው እንደሆነም፣ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም።

ሎሬዳና ክንዱን ጨብጣ ቆመች። 

ኢፓዚዮ ቀረቡና የልጁን ፊት አዩት። ዓይናቸው ጠባሳው ላይ ቆየ። ሊናገሩ ያሰቡት ነገር ነበር፤ ሌሊቱን ሲያገላብጡት ያደሩት። አፋቸው ላይ ግን አልመጣም።

«ደረጃው ያዳልጣል» አሉ በመጨረሻ። «ያዘኝ።»

«ጋሼ ኢፓዚዮ ነዎት?»

«ሌላ እንደዚህ አሳ አሳ የሚሸት ሰው ታውቃለህ?» አሉና ክንዳቸውን ሰጡት። «ምሳ ቀርቧል። እናትህም ይምጡ፣ ወንበር አለ።»

ሩጄሮ ይቅርታውን ጀመረ። ሽማግሌው አላስጨረሱትም፤ ሲወርዱ አይወራም፣ እግርህን ስማ አሉት። ከዚያ ቀስ እያሉ ይመሩት ጀመር። ደረጃ አለ ይላሉ፣ ሌላም አለ፣ ይህ ሰፊ ነው፣ ይህ ተበልቷል። ከኋላ ሲኞራ ክሎቲልዴ የሎሬዳናን ክንድ ይዘው ይከተላሉ። ቀኑን ሙሉ ስታወራ የምትውለው ልጅ አንድ ቃል አጣች፤ እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እሷም ዝም ብላ ትተወዋለች።

ደረጃው አለቀ። መንገዱ ሜዳ ሆነ። ኢፓዚዮ ግን የልጁን ክንድ አልለቀቁም።